ከአምስተኛ ወደ አሥራ ዘጠነኛ

ሶረል፣ ቴክሳስ
ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2019

ማርሊ፣ የኔ ዓለም፣

ደብዳቤሽ ቅዳሜ ደረሰኝ። ፖስታ ቤቱ በር ላይ ቆሜ፣ ነፋሱ ወረቀቱን ከእጄ ሊነጥቀኝ እየታገለኝ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ መኪና ውስጥ ገብቼ ለሦስተኛ ጊዜ አነበብኩት። እኔ ደህና ነኝ። አባትሽም ደህና ነው፤ ከነዳጅ ጉድጓዱ ሐሙስ ተመልሶ ሁለት ቀን ሙሉ ሲተኛ ሰነበተና አሁን ገና ሰው መምሰል ጀምሯል። አቧራው እንደምታውቂው ነው። ትናንት ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ጥርሳችን መሃል አሸዋ ይንኮሻኮሽ ነበር። አንቺ ለአንድ ሴሚስተር በሄድሽበት የቨርሞንት ትምህርት ቤት እስከ ጉልበትሽ በረዶ ገብተሽ እንጨት ስትፈልጪ፣ እዚህ የጥጥ ማሳው በሙሉ ተነሥቶ ወደ ኦክላሆማ ሊሰደድ ነው።

ከሦስቱ ገጽ ውስጥ ጥያቄሽ አንድ መስመር ናት። «እማዬ፣ ደረጃዬ የሚወርድ ከሆነ ተመልሼ እመጣለሁ። እውነቱን ንገሪኝ» ብለሻል። መልሱን አስቀድሜ ልስጥሽ፤ ከዚያ እንደ ልማዴ አንዛዛዋለሁ። አዎ፣ ይወርዳል። እና አትምጪ።

ይህን እሁድ በስልክ ልነግርሽ አልፈለግሁም። ያ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ስልክ አሥር ደቂቃ ብቻ ነው የሚሰጥሽ፣ ከኋላሽ ደግሞ ሦስት ልጆች ተሰልፈው ያጉረመርማሉ። የእጅ ስልካችሁን ሰብስበው ሣጥን ውስጥ ሲቆልፉባችሁ ተናድጄ ነበር። አሁን ግን ተመስገን እላለሁ፤ ደብዳቤ ላይ ሳታቋርጪኝ እስከ መጨረሻው ትሰሚኛለሽ። በስልክ ይህ ሆኖልኝ አያውቅም።

እንግዲህ ቁጥሩ ይኸውልሽ። የዚህ ትምህርት ቤት ሬጅስትራር ከሆንኩ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ በእኔ እጅ ሳያልፍ ኮሌጅ የገባ የሶረል ልጅ የለም፣ ስለዚህ እመኚኝ። ክፍላችሁ ሁለት መቶ አርባ ልጅ ነው። የስቴቱ ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ምንም ሳይጠይቅ በሩን የሚከፍተው ከላይ ላሉት ስድስት በመቶ ነው፤ አሥራ አራት ልጅ ማለት ነው። አንቺ ለገና አምስተኛ ነበርሽ። እዚህ ከባድ የሚባለውን ትምህርት የወሰደ ልጅ ነጥብ ይጨመርለታል። ያንቺ የተራራ ትምህርት ቤት ግን ኤውን ኤ፣ ቢውን ቢ ብሎ ይልካል እንጂ ጭማሪ የሚባል ነገር አያውቅም። ስለዚህ የዚህን ሴሚስተር ውጤትሽን እንዳለ ሳስገባው፣ ሁሉንም ኤ ብታመጪ እንኳ አሥራ ዘጠነኛ ትሆኛለሽ። በእንግሊዝኛ አስተማሪሽ በሚስተር አንሰል ሁኔታ ደግሞ ሁሉንም ኤ እንደማታመጪ ራስሽ ጽፈሽልኛል። ሦስት ጊዜ አስልቼዋለሁ።

አሁን ወደማልወደው ክፍል ልግባ።

ጭማሪው የሚያዝበት መንገድ ነበር። ከሌላ ትምህርት ቤት የመጣ ትምህርት እዚህ እንደ ከባድ ትምህርት እንዲቆጠር አንዲት ቢጫ ፎርም አለች። ርዕሰ መምህሩ ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት መፈረም አለበት። በፊት! በዚህች ቃል ስንት ወላጅ ላይ እንደጮኽኩ አንቺ ታውቂያለሽ፤ እራት ላይ ድምፄን እያስመሰልሽ አባትሽን ታስቂው አልነበር? ያንቺን ፎርም ዲሴምበር ላይ ሞልቼዋለሁ። ስምሽን፣ የትምህርቶቹን ዝርዝር፣ የትምህርት ቤቱን አድራሻ፣ ሁሉንም። ከዚያ መሳቢያዬ ውስጥ አስገባሁት፤ እዚያው ቀረ።

ረሳሁት ብልሽ ታምኚኝ ነበር። ግን አልረሳሁትም። መሳቢያውን በከፈትኩ ቁጥር አየው ነበር። «ሁለት ሳምንት አትቆይም» ብዬ ነበር። ብርዱ ያባርራታል፣ መጸዳጃ ቤት የማጽዳት ተራ ሲደርሳት እያለቀሰች ትደውላለች፣ ጃንዋሪ ሳያልቅ እዚህ ናት፣ ታዲያ ሚስተር ፕሩትን በከንቱ ለምን አደክማለሁ አልኩ። ለራሴ የነገርኩት ይህን ነው። ከሥሩ ያለውን አንቺው ታውቂዋለሽ፣ ሞኝ ልጅ አልወለድኩም። ሁለት ሳምንቱ አለፈ፣ ሦስተኛው አለፈ። አለቀስሽ እንጂ አልመጣሽም። አሁን ስድስተኛ ሳምንትሽ ነው።

ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ልጄ። የትኛውንም ሰበብ ከዚህ ቃል ጋር አልቀላቅልም።

ዛሬ ጠዋት በቀጥታ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ገባሁ። ሚስተር ፕሩት እንደ ወትሮው በአንድ እጁ ቡና፣ በሌላው የቋሊማ ዳቦ ይዞ፣ ክራቫቱን ትከሻው ላይ ጥሎ ነበር።

«ምነው ትዋይላ፣ ፊትሽ? ሰው ሞተ እንዴ?» አለኝ።

«ሰው አልሞተም። ፎርም ነው የሞተው» አልኩት።

ነገርኩት። መጀመሪያ አላመነኝም። «አንቺ? አንቺ ራስሽ?» ብሎ እስኪያስለው ድረስ ሳቀብኝ። «ይህን ለመስማት አሥራ ስድስት ዓመት ጠብቄአለሁ!» አለ ዓይኑን በክራቫቱ እየጠረገ። ከዚያ ሳቁን ሲጨርስ እስክሪብቶውን ዘረጋልኝ። «በይ አምጪውና የዲሴምበር ቀን ጻፊበት፤ እኔ እፈርማለሁ። ማን ያየዋል?»

«ፎርሞቹን የምመረምረው እኔ አይደለሁ እንዴ?»

«በቃ፣ እንግዲያው መርማሪዋን አውቃታለሁ፣ አታስቸግረኝም» አለ። ቀጥሎ ደግሞ ፊቱን ኮስተር አድርጎ፣ «ልጅቷ የሚገባት ነው። በጊዜው ብታመጪልኝ ዓይኔን ሳላሽ እፈርመው ነበር። ታዲያ ምን ልዩነት አለው?» አለኝ።

እውነት እውነቱን ከተነጋገርን፣ ማርሊ፣ እስክሪብቶውን ተቀብዬዋለሁ። ቀኑን ልጽፍ ጎንበስ ብዬ ነበር። ያኔ ነው ሚስስ ባሪየንቶስ ትዝ ያለችኝ።

ልጇን ኤፍሬንን ታስታውሺዋለሽ፤ ከአንቺ ሁለት ዓመት የሚበልጠው፣ ትራምቦን የሚነፋው። በጋውን ሳን አንቶኒዮ አጎቱ ዘንድ ሄዶ ሂሳብ ተምሮ ነበር። እናቱ ፎርሙን ይዛ የመጣችው ትምህርቱ ከተጀመረ በሁለተኛው ቀን ነው። ከክሊኒኩ ሥራዋ በቀጥታ፣ ያንን ሰማያዊ የነርስ ልብሷን እንደለበሰች መጣች። «ሚስስ ሃቸንስ፣ ሁለት ቀን ብቻ ናት እኮ» አለችኝ። እኔም ከወንበሬ እንኳ ሳልነሣ፣ «በፊት ማለት በፊት ነው፣ ሚስስ ባሪየንቶስ» አልኳት። ልጁ አሥራ ስድስተኛ ሆኖ ቀረ። ክፉ አልገጠመውም፣ ሌላ ኮሌጅ ገብቶ ደህና እየተማረ ነው። እናቱ ግን ከዚያ ወዲህ ገበያ አዳራሹ ውስጥ ካየችኝ ጋሪዋን ወደ ሌላ መደርደሪያ ታዞራለች። ደግሞም አንቺ ከአሥራ አራቱ ስትወጪ የሚገባው ልጅ ማን እንደሆነ አውቃለሁ። ስሙን አልነግርሽም። እሱም እናት አለችው።

እስክሪብቶውን መለስኩለት። «ሞቼ ነው ቆሜ» አልኩት።

ሚስተር ፕሩት እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተና፣ «እንግዲያው አስመጪያት። እስከዚህ ወር ሃያ ሁለት ተመልሳ ከተመዘገበች ሴሚስተሩን እዚሁ እንደተማረች እንይዝላታለን። ይህ ደንቡ ውስጥ ያለ ነው፤ ማንንም አያስቀይምም» አለኝ። ልክ ነው፣ ደንቡ ውስጥ አለ። ስለዚህ በሩ ክፍት እንደሆነ አልደብቅሽም። ሃያ ሁለት አርብ ይውላል። እስከዚያ ከመጣሽ አምስተኛ ነሽ፣ ዩኒቨርሲቲውም በእጅሽ ነው።

አሁን ለምን አትምጪ እንደምልሽ ስሚኝ። ይህን የምለው ጥፋቴን ለመሸፈን እንዳይመስልሽ፤ ቢሆንማ «ነይ» ማለት ይቀለኝ ነበር፤ ከመጣሽ ፎርሙንም ማንም አያስታውሰውም።

ቅዳሜውኑ ናዲን ዘንድ ደወልኩ። ኮሌጅ አብረን አንድ ክፍል የኖርን፣ በሠርጌ ላይ ኬኩን የጣለችው ናዲን። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ምሥራቅ ያለ አንድ ኮሌጅ ውስጥ የተማሪ ማመልከቻ ስታነብ ኖራለች፤ ማን ይግባ ማን ይቅር የምትለው እሷና መሰሎቿ ናቸው።

«ናዲን፣ ልጄ ከአምስተኛ ወደ አሥራ ዘጠነኛ ልትወርድብኝ ነው» አልኳት።

«ምን ሆና?»

«ተራራ ላይ ወጥታ ፍየል ታልባለች።»

«እህ! ከነዚያ የአንድ ሴሚስተር ትምህርት ቤቶች? ስሚኝ ትዋይላ፣ ፍየል ስላለበች አላስገባትም። ፍየል ያለበ ልጅ በየዓመቱ ቁምሳጥን ሙሉ አለኝ። ሁሉም ደግሞ ስለ ፀሐይ መውጫ ነው የሚጽፉት። ተራራው ላይ ወጣሁ፣ ፀሐይ ወጣች፣ እኔም ሌላ ሰው ሆንኩ! ማርሊ ስለ ፀሐይ መውጫ ከጻፈች እዚያ ድረስ መጥቼ በጥፊ ነው የምላት።»

«ታዲያ ይጎዳታል ወይስ ይጠቅማታል? አንዱን ንገሪኝ።»

«አንዱንም አይደለም። ሜዳሊያ አይደለም፣ ጉድለትም አይደለም። ትምህርት ቤቱ የራሱን ትራንስክሪፕት ይልክልናል፤ ከባድ መሆኑን እናውቃለን። ደረጃዋ ለምን እንደወረደ ከናንተ ትምህርት ቤት ሁለት መስመር ይጻፍልን፣ አለቀ። የስቴታችሁ ሕግ ግን ሕግ ነው፤ እዚያ በሩ በራሱ አይከፈትላትም፣ እንደማንኛውም ሰው ታንኳኳለች።»

«ምን ይዛ ነው የምታንኳኳው?»

«የአስተማሪ ደብዳቤ። መቶ ስድሳ ልጅ የሚያስተምር ምስኪን ምን ይጽፍልኛል? ‹ጎበዝ ናት፣ ታታሪ ናት›። አሥራ ሁለት ልጅ ይዞ፣ ጠዋት ገንፎ አብሯት እየበላ፣ ስትሳሳትም ስታለቅስም ያያት ሰው ግን ልጅቷን ራሷን ነው የሚልክልኝ። እና ደግሞ አንድ ነገር። በስድስተኛ ሳምንቷ ጥላ ከመጣች የዚያ ትምህርት ቤት ወረቀት ላይ ‹አቋረጠች› ተብሎ ይጻፋል። ያን ጊዜ ስለ ደረጃዋ አይደለም የምጠይቀው።»

ይህን ስትለኝ በእጄ የያዝኩትን ደብዳቤሽን አየሁት። አንቺ ልጅ፣ ሦስት ገጽ ጽፈሽ ሦስቱም ስለ ቁጥር ነው። ማን ስንተኛ እንደሆነ፣ ማን ሊያልፍሽ እንደሚችል፣ በየትኛው ትምህርት ስንት ነጥብ እንደሚጎድልሽ። በመጨረሻው ገጽ ጠርዝ ላይ ግን፣ በእርሳስ፣ አግድም፣ «ዛሬ ከቁርስ በፊት አንዷ በግ ምጥ ይዟት ግልገሉ በእግሩ መጣ። እጄ ትንሽ ስለሆነ እኔን ጠሩኝ። ዞር አድርጌ አወጣሁት። ኖረ» ብለሻል። በቃ፣ ይኸው ነው። ከዚያ ተመልሰሽ ስለ ኬሚስትሪ ነጥብሽ!

ለናዲን አነበብኩላት። «ድገሚልኝ» አለችኝ፤ ደገምኩላት።

«ይህን ማን ጻፈው?»

«እሷ ናት። ጠርዝ ላይ።»

«ከጠርዙ ወደ መሃል እንድታመጣው ንገሪያት» አለችኝ።

ነገርኩሽ። ከዚህ በላይ አልጨምርም፣ ሚስተር አንሰል ይቆጣኛል።

ስለ ሚስተር አንሰል ካነሣን አባትሽን ልንገርሽ። ስትሄጂ ምን እንዳለ ታስታውሻለሽ፤ «ፋንድያ ለመዛቅ አገር አቋርጣ ትሂድ? እዚህ ሞልቶን የለ?» ብሎ ሳምንቱን ሙሉ ሲያፌዝብን ነበር። ትናንት ምሳ ላይ ደብዳቤሽን አነበብኩለት። ሚስተር አንሰል ድርሰትሽ ላይ ሰባ አንድ ሰጥቶ፣ «ይህን የጻፍሽው እኔን ለማስደሰት ነው። አሁን ደግሞ አንቺ የምታስቢውን ጽፈሽ አምጪ» ያለሽ ቦታ ላይ ስደርስ ሹካውን አስቀመጠ።

«ሰውየው ማነው?» አለኝ።

«አስተማሪዋ ነዋ።»

«አሥር ዓመት ሙሉ እዚህ መቶ ሲሰጧት፣ አንድም ሰው እንዲህ ብሏት አያውቅም» አለ። አባትሽ በዓመት ውስጥ ይህን ያህል ረጅም ነገር የሚናገረው ሁለት ጊዜ ነው፤ አንደኛው ስለ ኳስ ነው።

እኔም አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ያን መቶ ሳስገባ የኖርኩ ሰው ነኝ። አንቺ ሰባተኛ ክፍል እያለሽ ዘጠና ስምንት አመጣሁ ብለሽ መኪና ውስጥ እስከ ቤት ድረስ ስታለቅሺ፣ እኔ ደግሞ «አይዞሽ፣ በሚቀጥለው ታካክሺዋለሽ» ነበር ያልኩሽ። ሌላ መባል የነበረበት ነገር ነበር፤ ያኔ አልመጣልኝም። ሰባ አንድ አግኝተሽ፣ ተናደሽ፣ ደግሞ ተቀምጠሽ እንደገና መጻፍሽን ሳነብ ሆዴ ባባ። በደስታ ነው። ያቺን ልጅ ማንም ደረጃ ሰጥቷት አያውቅም፣ እኔ ግን አሁን ከሁሉም በላይ የማምናት እሷን ነው።

ስለዚህ ዕቅዱ ይህ ነው፤ ፈርተሽ እንዳታስቢው። መኸር ላይ ለስምንት ኮሌጅ እናመለክታለን፣ የስቴቱም አለበት። ያንኳኩት ሁሉ አይገቡም፣ ይህንንም አልደብቅሽም፤ አንዳንዱ እንቢ ይላል። ከስምንቱ ሁሉ እንቢ የሚባል ልጅ ግን እኔ አይቼ አላውቅም፣ አንቺን የመሰለ ደግሞ ጨርሶ። የሜይ ወሩን የኮሌጅ መግቢያ ፈተና እዚያው አጠገባችሁ ያለች ከተማ እንድትፈተኚ አስመዝግቤሻለሁ፤ በቫን ይወስዷችኋል። በሂሳብ ከኛ ሁለት ምዕራፍ ወደ ኋላ ናችሁ፤ እሱን በጁን ከሂሳብ አስተማሪያችን ከሚስስ ኮልተር ጋር ትጨርሺዋለሽ፣ ተነጋግረናል። ናዲን ያለችውን ሁለት መስመር ሚስተር ፕሩት ይጽፈዋል፤ እኔ እናት ስለሆንኩ አልነካውም። ብቻ የፊደል ስሕተቱን አርምለታለሁ።

ነገ ከሥራ ስወጣ ወደ ሚስስ ባሪየንቶስ ክሊኒክ እሄዳለሁ። ምን እንደምላት ገና አላውቅም። ደንቡ ልክ ነበር። ከወንበሬ አለመነሣቴ ግን ልክ አልነበረም።

ስለኛ አታስቢ። እኔ አሁን ቢሮ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት እቆያለሁ። ፌብሩዋሪ ሥራ የሚበዛበት ወር ባይሆንም፣ የሚስተካከል ፋይል መቼም አይጠፋም። የሥጋ ቺሊውን አሁንም በትልቁ ድስት ነው የምሠራው፤ ትንሹ ድስት የት እንደገባ እንጃ። አባትሽ ወደ ጉድጓዱ ሲሄድ፣ አንቺም የለሽ፣ ሳምንቱን ሙሉ እሱኑ እያሞቅሁ እበላለሁ። ጣፋጭ ነው።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ፋይልሽን አወጣሁና የሬጅስትራር በሚለው ቦታ ላይ «የቅድሚያ ፈቃድ የለም፤ ያለ ጭማሪ ይመዝገብ» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። ከሥሩ የወላጅ ፊርማ የሚል መስመር አለ። ስንት ወላጅ እዚያ መስመር ላይ እስክሪብቶውን ይዞ ሲዘገይ እያየሁ «ቶሎ በሉ፣ ሰው ተሰልፏል» ብያለሁ። እኔም ብዙ ቆየሁ፤ ከዚያ ፈረምኩ። ማንም ቶሎ በይ አላለኝም።

እስከ ሃያ ሁለት ድረስ ውሳኔው ያንቺ ነው፤ ይህን ወረቀት መሻር ይቻላል፣ እኔም እምቢ አልልሽም። ከመጣሽ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ከማንም ቀድሜ ቆሜ ታገኚኛለሽ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤም ደስ ይለኛል። ደስታዬ ይህን ያህል ስለሆነ ነው አስቀድሜ የማስጠነቅቅሽ። ደረጃዬ ይወርዳል ብለሽ አትምጪ። እናቴ ብቻዋን ናት ብለሽም አትምጪ።

እግዚአብሔር በመግቢያሽም በመውጫሽም አይለይሽ፤ እንቅልፍሽን ያጣፍጥልሽ፤ እውነቱን ደፍሮ የሚነግርሽ ሰው ዕድሜሽን ሙሉ አያሳጣሽ።

የምትወድሽ እናትሽ፣
ትዋይላ